የታሸገው ማማ

የወረዳው ደንብ አስከባሪዎች ወደ ኮረብታው ሲወጡ ሲያይ የኔትወርክ ማማው ጥበቃ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ማማው የቆመው ያለ ወረዳው ፈቃድ ነው። በጎረቤት ወረዳ እንዲህ ያለውን ሲዘጉ ጥበቃውንም አስረውታል። ሮጦ ባትሪዎቹ ያሉበት ኮንቴይነር ውስጥ ገባና የብረት በሩን ገጥሞ ከጥጉ ተሸጎጠ።

«ጥበቃው የታለ?»

«እኛን ሲያይ ፈርጥጧል፤ ይኼኔ እናቱ ጉያ ገብቷል።»

ተሳሳቁ። እሱ ትንፋሹን ዋጠ።

«በል ከውጭ ባለው ማጥፊያ የባትሪውንም ኃይል አጥፋና ኮንቴይነሩን ቆልፈህ እሸገው። ማኅተሙን የነካ ወዮለት!»

ከውጭ ቁልፍ ሲንቋቋ ሰማ። የመኪናቸው ድምፅ እስኪጠፋ ጠበቀና «ተመስገን» ብሎ አማተበ። ሚስቱ ሰው ይዛ መጥታ እንድታስከፍተው ሊደውልላት ስልኩን አወጣ።

ኔትወርክ የለም። በወረዳው ሌላ ማማ አልነበረም።