ስለ ናሁሰናይ ሊጠይቅ የመጣው ሰው

ዘውድነሽ እንግዳውን ከአጥር በሯ አላሳለፈችውም። ፀጉሩን አሳጥሮ የተቆረጠው ሰውዬ ስለ ጎረቤቷ ልጅ ስለ ናሁሰናይ ይጠይቃታል።

«ይጠጣል? ከማን ጋር ይውላል? በዘራቸውስ በሽታ አለ?»

ጠረጠረችው። ሴት ልጁን ሊድር ያሰበ ካልሆነ ማን እንዲህ ያጠያይቃል? ናሁሰናይን ደግሞ እሷ ለራሷ ልጅ አስባዋለች።

«ነገረችኝ እንዳይሉ እንጂ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይጠጣል፤ ይደባደባል፤ የሚጥል በሽታም አለበት።»

ሰውዬው አመስግኖ ሄደ። እሷም እፎይ ብላ በሩን ልትዘጋ ስትል የናሁሰናይ እናት እየሮጠች መጣች።

«ዘውድዬ፣ ከጦር አካዳሚው የመጣውን ሰው አገኘሽው? ‹ልጅሽን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ጎረቤት ማን ነው?› ሲለኝ፣ ካንቺ ወዲያ ማን ይሳሳለታል ብዬ ደጅሽን ያሳየሁት እኔ ነኝ።»