የማይዞር እግር

ወጌሻ ነኝ፤ የምሠራው ወገዳ ገበያ ዳር ነው። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጋሼ ሞላልኝን ሚስታቸው እትዬ አበባየሁ ደግፈው አመጧቸው።

«እግሮቼ ወደ ውጭ አልዞር አሉኝ» አሉ ጋሼ ሞላልኝ።

በጀርባቸው አስተኛኋቸው። ሰው በጀርባው ሲተኛ እግሩ በራሱ ጊዜ ወደ ውጭ ይከፈታል። የእሳቸው ግን እንደ ገጠመ ቀረ። በሆዳቸው ገልብጬ፣ ከመቀመጫው ትልቅ ሥጋ ሥር ተደብቀው ጭንን ወደ ውጭ የሚያዞሩትን ትንንሽ ጡንቻዎች በጣቴ ፈለግኋቸው። ሁሉም በየቦታቸው አሉ። ደንድነዋል፤ ቀዝቅዘዋልም።

«ያምዎታል?»

«ምንም አይሰማኝም።»

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከማክሰኞ።»

ቅቤ ልቀባቸው ብዬ ጫማቸውን አወለቅሁ። በሁለቱ የእግር አውራ ጣቶቻቸው ዙሪያ ቀጭን ሰርጓዳ መስመር አለ። አባቴ ሲገነዝ ጣቶቹ በክር የታሰሩት እዚሁ ላይ ነበር። እጃቸውን አየሁ። በእጃቸው አውራ ጣቶችም ላይ አለ።

ቀና ስል፣ እትዬ አበባየሁ ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር መልበሳቸውን ያን ጊዜ ልብ አልኩ።

«ክሩንማ ሐሙስ ዕለት ፈታሁላቸው» አሉ ቀስ ብለው። «እግራቸው እስከ ዛሬ ይላላል ብዬ ነበር።»