የብየዳው ትንፋሽ

መካኒኩ ሞተሩን አስነስቶ መኪናዋን በሊፍት ሰቀላትና የጭስ ማውጫዋን አፍ በእርጥብ ጨርቅ ወተፈው። ጭሱ መውጫ ሲያጣ፣ ሽንቁር ካለ በዚያ ያፏጫል። ታናሽ ወንድሙ በዚህችው መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቶ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ እንደተኛ ቀርቷል። ሞተሩ ጉልበት እንዲያገኝ ብሎ መርዛማውን ጭስ የሚያጣራውን ካታላይዘር ቆርጦ በምትኩ ባዶ ቱቦ የበየደለት ራሱ መካኒኩ መሆኑን አባታቸው አያውቁም ነበር።

ከሾፌሩ ወንበር ስር፣ ከብየዳው ላይ፣ ቀጭን ፉጨት ተሰማ።

"ጆሮዬ ከድቶኛል፤ አንተው ስማልኝ" አሉ አጠገቡ የቆሙት አባቱ። "ልጄን የገደለው አንዱ ልቡ ነው ይላል፣ አንዱ ጭስ ነው ይላል። ምንም የለም በለኝና ልረፍ።"

"የለም" ቢል እዚያው ያልቅ ነበር። መካኒኩ ግን የሽማግሌውን እጅ ይዞ ወደ ብየዳው አስጠጋው። ትኩሱ ትንፋሽ መዳፋቸውን ሲገርፈው እጃቸውን አልሰበሰቡም።

"እጁን ይቁረጠውና፣ ማን ነው እንዲህ የበየደው?"

"እኔ" አለ በሹክሹክታ።

"ማን?"

"እኔ ነኝ፣ አባባ!" ብሎ ጮኸ። ጋራዡ ውስጥ ያለው መዶሻ ሁሉ ቆመ።