ጆንያው ላይ

«አንድም የሞተ ዶሮ የለኝም» ይላል ጎረቤቴ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ። እኔ ደግሞ የሞቱት ላይ ተቀምጫለሁ።

ጠዋት ጆንያውን በአጥር አሻግሮ «እስኪሄዱ ብቻ ያዢልኝ» ሲለኝ፣ የዩኒቨርሲቲ ሰዎቹ የእኔንም ግቢ ያያሉ ብዬ መች ጠረጠርኩ? በሩ ሲንኳኳ መደበቂያ ባጣ፣ ብርድ ልብስ ጣል አድርጌበት ቁጭ አልኩ። የመጣው ይምጣ!

ጎረቤቴን አስከትለው የመጡት ሁለት ናቸው፤ የገዛ ልጁና አስተማሪዋ። ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ነጭ ለብሰው፣ መነጽርና ጓንት አድርገው ማር ቆራጭ መስለዋል። ልጅቷን የለየኋት በድምጿ ነው።

ከዶሮ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ታጠናለች። ለአባቷ በር ላይ የጫማ መንከሪያ መድኃኒት አስቀምጣ፣ ለዶሮ ቤቱ ብቻ የሚሆን ቦቲ ገዝታ፣ ግቢውን ለአስተማሪዋ በአርአያነት አሳይታለች። አባቷ ግን መንከሪያውን መሙላት ሰለቸው። ገበያ የዋለበትን ጫማ እንዳደረገ ይገባል፣ ይወጣል። ዶሮዎቹ መርገፍ ሲጀምሩ «ልጄን በአስተማሪዋ ፊት ከማሳፍራት ሞቴን» አለ። እኔም አንጀቴ አልችል አለና ጆንያውን ተቀበልኩ።

«እትዬ፣ እርስዎስ የሞተ አላዩም?» ትለኛለች።

«ኧረ እኔ ዶሮ የማየው ድስት ውስጥ ነው!»

አስተማሪው ይስቃል። እሷ ግን ወደ አባቷ ዞራለች።

«አባዬ፣ ሌላ ቦታ ሰው ታሟል። የሞተ ዶሮ በባዶ እጁ የነካ ካለ መድኃኒት ዛሬውኑ መጀመር አለበት። ነገ ላይጠቅም ይችላል። ነክተሃል?»

«የሞተ በሌለበት ምኑን ነክቼው?»

«እንግዲያው እንሂድ» ይላል አስተማሪው። «የአባትሽ ግቢ መቼም አይታማም።»

ጎረቤቴ እጆቹን ወደ ኋላው ደብቋል። ጆንያውን የተቀበልኩባቸው የእኔዎቹ ጭኔ ላይ ናቸው፤ ድንገት የሌላ ሰው እጅ መሰሉኝ። ዓይኑ «አደራሽን» ይለኛል።

አደራ በላ ልሁን። እነሳለሁ። ብርድ ልብሱ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ከጆንያው አፍ አንድ ቢጫ እግር ወጥቷል።

አስተማሪው መሬት መሬት ያያል፤ ለእሷ አፍሮላት ነው።

«ውኃና ሳሙና» ትላለች ልጅቷ በመጨረሻ።

መጀመሪያ እኔን ታስታጥበኛለች። ከዚያ የአባቷን እጆች ይዛ፣ ጣት በጣት፣ ጥፍሩ ሥር ሳይቀር ታሻቸዋለች። እሱ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ እንደ ሕፃን ዘርግቶላታል።

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው» ይላል ቀስ ብሎ።

መነጽሯ ከውስጥ ጤዛ ይዟል፤ በዚያ ጓንት ደግሞ ዓይን አይነካም።