አራተኛዋ

የጣቢያው ሰዎች አባቴ በሠላሳ አንድ ዓመት የእሳት አደጋ ሥራው አንድም ሰው እሳት ውስጥ ትቶ ወጥቶ አያውቅም ይላሉ። እናቴ ግን «አንድ ትቷል» ትላለች። በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ እውነቱን ማወቅ ነበረብኝ።

አባቴ ጠዋት ለፈረቃ ሲወጣ የሦስታችንንም ራስ እየዳሰሰ ይቆጥረን ነበር። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።» በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ ማንም ወደሌለበት ጥግ እያየ «አራት» ይላል። እኛ አራተኛዋ እናታችን ትመስለን ነበር።

ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ የእሳት አደጋ መኪናውን ይነዱ የነበሩትን ጋሽ በዳዳን ጠየቅኳቸው።

«ማንን ትቶ!» ብለው ተቆጡ። «አንድ ቤት ሲነድ የቤቱን ባለቤት ‹ውስጥ ስንት ልጅ አለ?› አለው። ‹ሦስት› አለ። ሦስቱንም አወጣቸው። እጁን እሳት የበላው ያኔ አይደል?»

«ታዲያ እናቴ ለምን…»

ጋሽ በዳዳ አቀረቀሩ። «የቤት ሠራተኛዋ ወጥ ቤት ተኝታ ነበር። ብርቄ የምትባል፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። ስንት ልጅ አለ ሲባል እሷን ማን ይቆጥራል? ተው ልጄ፣ ይህን አትጻፈው። የአባትህን ስም አታጉድፍ።»

እሺ አልኩና «ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነበሩ» ብዬ ጻፍኩ።

አስከሬኑ አጠገብ ቆሜ ሳነብ እዚያ መስመር ላይ ስደርስ እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ወረቀቱን አጠፍኩት።

«አባታችን የአራት ልጆች አባት ነበሩ» አልኩ። «አራተኛዋ ብርቄ ትባላለች።»