አልጋው ሥር የበቀለው

ጠቋሚው ሣር በየማሳው ከተዘራ ወዲህ ሰው የሚራመደው ቅጠል እያየ ነው፤ ከቀላ፣ ሥሩ ያለፈው ጦርነት ቦንብ ተቀብሯል ማለት ነው። ዘሩ ከእበት ጋር ገብቶ ቤቷ ወለል ላይ አረንጓዴ ሆኖ ሲበቅል ዘርፌ፣ «ጎጆዬም እርሻ ሆነች!» ብላ ስቃ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ልጇ አንጓች ወልዳ በታረሰችበት አልጋ እግር ሥር ያለው ሣር ቀልቶ አየችው።

«አንጓች፣ ሕፃኑን አቀብዪኝ። እግርሽን እንዳታወርጂ።»

«ምነው እምዬ? ገና አሁን መተኛቱ ነው።»

«ወደ ውጭ ላውጣው።»

«ክርስትና ሳይነሣ ደጅ አይወጣም ብለሽ ስትጨቀጭቂኝ የከረምሽው አንቺ አይደለሽ?»

«ተሳስቼ ነው።»

አንጓች እናቷ ተሳሳትኩ ስትል ሰምታ አታውቅም። ወለሉን እንኳ ሳታይ፣ እግሯን ወደ አልጋው ሰብስባ ሕፃኑን አቀበለቻት።