ከ«ብነግራት» በኋላ

«ወለላ ገብረወልድ ብለሽ ድገሚው» እላታለሁ።

«እትዬ የሺሃረግ፣ አሥሬ ብደግመው ያው ነው።» ዳናዊት ወንበሯን ወደ ኮምፒዩተሩ ትስባለች። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ናት፣ የልጄ እኩያ። «መጽሐፉ ላይ የሴቶቹ ስም በሙሉ ተቀይሯል። መግቢያው ላይ አለ፣ አንብቤልዎት ነበር እኮ።»

«የልጄን ስም ማን አባቱ ነው የሚቀይረው?»

«ምናልባት ራሷ ትሆናለች ቀይሩልኝ ያለችው።»

ይሄንን አላሰብኩትም ነበር።

ወለላ ከዐረብ አገር የተመለሰች ጊዜ አንዲት አጥኚ ከአዲስ አበባ የድምፅ መቅረጫ ይዛ ቤቴ መጣች። «እማ፣ አንዴ ውጪልን» አለችኝ ልጄ። ወጣሁላቸው። በሩን ዘጉት። እዚያ ምን እንዳገኛት ለእኔ አንድም ቀን ሳትነግረኝ በኩላሊት ሞተችብኝ። ያኔ ለአጥኚዋ የተናገረችው ግን ታትሟል። መጽሐፉን አሰላ ፈልጌ አጣሁ፣ አዲስ አበባ ሰው ብልክ አልቋል አሉት። የቀረው ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ነው፣ እሱም ከመግቢያው በቀር እንደተዘጋ። አንድ ቃል ሲጽፉለት ቃሉ ያለበትን ሁለት ሦስት መስመር ቀዶ ያሳያል፣ በቃ። ባለቤቶቹ ከዚያ በላይ አልፈቀዱም አለችኝ ዳናዊት።

«ስሟን ይተዉት» ትለኛለች አሁን። «እሷ ብቻ የምትለውን ነገር ይንገሩኝ። ሌላዋ ሴት የማትለውን።»

«አሰላ በያ።»

«ከአሰላ የሄደው ስንቱ ነው! ግማሹን መጽሐፍ ያመጣብናል።»

«የጭላሎ ተራራስ? ብርዱን ትወደው ነበር።»

ትጽፋለች። ይመጣል። አንዷ የዲክሲስ ከተማ ልጅ ናት፣ ሌላዋ ልጆቿን ለእህቷ ጥላ የሄደች። የእኔ አይደሉም። በየመስመሩ የሰው ልጅ ታለቅሳለች፣ እኔ እለፊያት፣ እሷንም እለፊያት እላለሁ።

ወደ ስክሪኑ ጠጋ ስል ዳናዊት ሳታስበው አፍንጫዋን ትነካለች። ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ፣ ከሁሩታ እያመጣሁ አሰላ ገበያ የምሸጥ። ሽታው በምንም ሳሙና አይለቅም። ወለላ ተማሪ እያለች «በዚህ እጅሽ ፀጉሬን አትንኪብኝ» ትለኝ ነበር።

«ነጭ ሽንኩርት በይው» እላታለሁ።

«እ? እርግጠኛ ነዎት?»

«አንቺ ጻፊ!»

ሁለቱን ቃል በጥቅስ ምልክት ታጥራቸዋለች። እንዲህ ካላጠርናቸው ነጩን ለብቻ፣ ሽንኩርቱን ለብቻ እየለቀመ ያደክመናል ትላለች። አንድ ቦታ ይመጣል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታነብልኛለች፦

«...ነጭ ሽንኩርት ስልጥ የእናቴ እጅ ሸተተኝ። እንዳይሰሙኝ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ስትደውልልኝ ግን ደህና ነኝ አልኳት። ብነግራት...»

«ቀጥያ!»

«እዚህ ላይ ተቆርጧል።»

«እንዴት ይቆረጣል? ሳትጨርስ?»

ዳናዊት ታስባለች። «ቀጥሎ ያለውን ቃል ካወቅንና እሱን ከጻፍን፣ የሚቀጥለውን መስመር ቀዶ ያሳየናል። ልጅዎ ናት እትዬ፣ ይገምቱ። ብነግራት ምን?»

ቃሉ ቶሎ ነው የመጣልኝ፣ ከአፌ ለማውጣት ነው የቸገረኝ።

«ትቆጣኛለች።»

«ብነግራት» ከሚለው ጋር አጥራ ትጽፈዋለች። ምንም አልተገኘም ይላል።

«አታምነኝም።»

ምንም።

«ቻይው ትለኛለች።»

ምንም። የዳናዊት ጣቶች ይቆማሉ። «እትዬ፣ ይበቃናል ለዛሬ።»

«ጻፊ ብያለሁ። ሰው ምን ይላል ትለኛለች።»

ምንም። ምንም ባለ ቁጥር ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አይለኝም። ከዚህ የባሰ ቃል አለ ማለት ነው እላለሁ በልቤ።

ዳናዊት ወደ እኔ ትዞራለች። «እሺ የእሷን እንተወው። እርስዎስ? ነግራዎት ቢሆን ምን ያደርጉ ነበር?»

«ምን ጥያቄ ነው? ሄጄ አመጣታለኋ!»

«በምን ይሄዳሉ? ፓስፖርት የለዎት፣ ቪዛ የለዎት።»

«በእግሬ! ምን ታደርጊኛለሽ? በእግሬ እሄዳለሁ!»

ጮኼ ነው መሰለኝ የሚያጠኑት ተማሪዎች ሁሉ ቀና ይላሉ። ዳናዊት ዝም በሉ አትለኝም። ወደ ኮምፒዩተሩ ዞራ፣ ያለ አጥር፣ አንዲት ቃል ትጽፋለች። በእግሯ።

ይመጣል።

ልታነብልኝ አፏን ትከፍትና ትተወዋለች። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፣ ፊደል አይጠፋኝም። ጣቴን በየፊደሉ ሥር እያስኬድኩ ራሴ አነበዋለሁ፦

«...በእግሯ ልታመጣኝ ትነሳለች። አውቃታለሁ፣ ደረቅ ናት። መንገዱ ላይ ባሕር አለ ብላት እንኳ አትመለስም። ስለዚህ ዝም...»

«የሚቀጥለውን ልፈልገው?» ትላለች ዳናዊት በቀስታ።

ጣቴ ከመጨረሻው ፊደል አልፏል፤ ምንም ባልተጻፈበት ነጩ ላይ ዝም ብሎ ይሄዳል።